የቀጭኗ ቀዳዳ ባለቤት፤ የቪልሄልም ማይባኽ የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ክረምት እኛ ሦስት ተማሪዎች ኪሳችንን አራግፈን አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ገዛን። ዕድሜዋ ከእያንዳንዳችን ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። ወደ ሠፈራችንም የመጣችው እየተነዳች ሳይሆን እየተገፋች ስለ ነበረ፣ ይህን ያዩ ጓደኞቻችን በዚያው ገንዘብ በቅሎ ብትገዙ ይሻላችሁ ነበር እያሉ ሲስቁብን ሰነበቱ። እኛ ግን ተስፋ አልቆረጥንም። ካርቡራቶሯን ፈትተን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ቤንዚን የሚወጣባትን ቀጭን የነሐስ መርጫ ተደፍና ስላገኘናት በብረት ሽቦ ጎርጉረን ከፈትናት፤ በሥራችንም ደስ አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ መነሣቱን ተነሣ፤ ነገር ግን ጥቁር ጢስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ሲመጣ ሳል እንደ ያዘው ሰው ትን ትን ይለዋል።

በመጨረሻ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ጋሼ መርጫዋን አውጥተው ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና ሳይቆጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀዳዳዋን አስፍተናት ኖሯል። እንደ አስረዱን፣ ያች ቀዳዳ የምትጠራው በትንፋሽ ወይም በጎማ መንፊያ ነው እንጂ በሽቦ አይደለም፤ የፀጉር ውፍረት ታህል እንኳ ብትሰፋ የሞተሩ ምግብ ሁሉ ይዛባል። እንግዲህ ሌላ መርጫ እስኪገኝ ድረስ ሥራ ፈት ሆነን ስለ ተቀመጥን፣ ይህችን ቀዳዳ መጀመሪያ የለካት ማን ይሆን ብለን መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነውም ሰው ስሙ ለማናችንም እንግዳ ያልሆነ፣ ዛሬ በባለጸጎች መኪና ላይ ተጽፎ የምናየው ማይባኽ ነው። ስሙን እንጂ ሰውየውን አናውቀውም ነበርና ታሪኩን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪልሄልም ማይባኽ በየካቲት ወር 1846 በጀርመን አገር፣ በዚያን ጊዜ የቩርተምበርግ ንጉሥ ግዛት በነበረችው በሃይልብሮን ከተማ ከአንድ አናጢ ተወለደ። ወላጆቹ አምስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ቤተ ሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ሽቱትጋርት ከሄደ በኋላ እናቱ በ1854 ሞተች። ሁለት ዓመት ቆይቶ አባቱ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ተገኘ። ልጁ በዚያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። የቤተ ሰቡ ወዳጆች ለእነዚህ ሙት ልጆች የሚራራ ሰው ካለ ብለው በጋዜጣ አስታወቁ፤ ቪልሄልምንም ጉስታፍ ቬርነር የተባለ መንፈሳዊ ሰው በሮይትሊንገን ወዳቋቋመው የወንድሞች ቤት ወደሚባለው የድኾች ማሳደጊያ ወሰዱት።

ይህ ማሳደጊያ ልጆችን እያበላ ብቻ የሚያሳድግ አልነበረም፤ የራሱ ዎርክሾፖችና የመኪና ፋብሪካ ነበሩት፤ ልጆቹም ሥራ እየተማሩ ያድጉ ነበር። ቬርነር የልጁ እጅ ለንድፍ የተፈጠረ መሆኑን ስላየ ወደ ንድፍ ክፍል አስገባው። ማይባኽ ቀን ሲሠራ እየዋለ ከሥራው ሌላ በከተማው ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ይማር ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ደጃፍ ግን አልረገጠም። ይህን የምንጽፈው ፈተና በደረሰ ቁጥር የምናማርር ሰዎች ስለ ሆንን ጥቂት እያፈርን ነው።

በ1863 መጨረሻ ጎትሊብ ዳይምለር የተባለ መሐንዲስ የዚሁ ማሳደጊያ ፋብሪካ ኀላፊ ሆኖ መጣ። ዳይምለር በትምህርት ቤት የተማረ፣ ሐሳቡ ሰፊ፣ ጠባዩ ቁጡ፣ ገንዘብና ሰው ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ነበር። ማይባኽ ደግሞ ዝምተኛና ትዕግሥተኛ፣ በወረቀት ላይ ያልታየውን ማየት የሚችል ወጣት ነበር። ሁለቱ በ1865 ተዋወቁ፤ ከዚያ ወዲህ ዳይምለር እስኪሞት ድረስ የሚለያያቸው አልተገኘም። ዳይምለር ወደ ካርልስሩኸ ፋብሪካ ሲዛወር ማይባኽን በ1869 አስከትሎ ወሰደው። በ1872 ዳይምለር የኒኮላውስ ኦቶ ማኅበር ወደሚገኝበት ወደ ዶይትዝ ሲሄድም እንዲሁ አደረገ። ማይባኽ የዶይትዝ የንድፍ ክፍል አለቃ ሆነ። ዛሬ በእያንዳንዱ መማሪያ መጽሐፍ ኦቶ ሠራው እየተባለ የሚጠራው ባለ አራት ምት ሞተር በ1876 ከተፈጠረ በኋላ በፋብሪካ በብዛት እንዲሠራ አድርጎ ያሰናዳው ይኸው ያ ሙት ልጅ ነው።

የኦቶ ሞተር ግን መንገደኛ አልነበረም። በወለል ላይ ተተክሎ ከከተማው የጋዝ ቧንቧ እየጠባ፣ በደቂቃ ከ200 በማይበልጥ ዙር የሚሠራ ከባድ ብረት ነው። ዳይምለርና ማይባኽ የተመኙት ቀላልና ፈጣን፣ ምግቡን ራሱ ተሸክሞ የሚሄድ ሞተር ነበር። ዳይምለር ከኦቶ ጋር ተጣልቶ በ1882 ወደ ካንሽታት ሄዶ አትክልት ያለበት ቤት ገዛ፤ ማይባኽም ተከተለው። በአትክልቱ ውስጥ በነበረው የመስታወት ቤት ገብተው በራቸውን ዘግተው ሌትና ቀን ብረት ሲቀጠቅጡ የሰማ አትክልተኛ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩ መስሎት ለፖሊስ አመለከተ ይባላል። ፖሊሶቹ ሰው በሌለበት ገብተው ቢፈትሹ ያገኙት የሞተር ዕቃ ብቻ ነበር።

በዚያ መስታወት ቤት በደቂቃ 600 ዙር የሚደርስ ሞተር ተወለደ። የ1885ቱ ሞተር ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ በቅርጹ የቁም ሰዓት የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ክብደቱ 60 ኪሎ ያህል፣ ጉልበቱ የፈረስ ጉልበት ግማሽ ነበር። ይህንንም ሞተር ከእንጨት በተሠራ ሁለት ትልልቅ መንኰራኵር ባለው፣ እንዳይወድቅም በግራና በቀኝ ትንንሽ መንኰራኵሮች በተጨመሩለት መቀመጫ ሥር ተከሉት። እነሆ በዓለም የመጀመሪያው የቤንዚን ሞተር ሳይክል ይህ ነው። የፈጠራው መብት በነሐሴ 29 ቀን 1885 በዳይምለር ስም ተመዘገበ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከዳይምለር ልጆች አንዱ ከካንሽታት እስከ ኡንተርቱርክሃይም ነዳው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር አያልፍም ነበር። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው በእሳት የጋለ ቱቦ ከመቀመጫው ሥር ስለ ነበረ፣ በመንገድ ላይ ኮርቻው በእሳት ተያይዞ እንደ ነበር ይተረካል። የኛይቱ ጢስ ብቻ ስለምትተፋብን ማመስገን ይገባናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይነድም፤ ከአየር ጋር ተደባልቆ እንደ ጉም መሆን አለበት። የሚፈለገውም አየር ብዙ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል አየር፣ በመስፈሪያ ስንናገረው ለአንድ ሊትር ቤንዚን በባሕር ዳርቻ ወደ 9,000 ሊትር አየር ይሆናል። በዚያ የእንጨት ሞተር ሳይክል ላይ የነበረው መሣሪያ አየሩን በቤንዚኑ ውስጥ አሳልፎ ተኑን እንዲወስድ የሚያደርግ ዕቃ ነበር። ይህ አሠራር ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት መልካም ነው፤ መንገድ ላይ ግን ብዙ ችግር ነበረበት። ቤንዚኑ ሲናወጥ ተኑ ይበዛል፤ ብርድ ሲሆን ያንሳል። ይልቁንም ከቤንዚኑ ቀላል ቀላሉ አስቀድሞ ተንኖ ይሄድና ከባዱ አተላ እንደ ጠላ ዝቃጭ ሥር ይቀራል፤ ስለዚህ ጧት በደንብ የተነሣ ሞተር ከሰዓት በኋላ እንቢ ይላል። በዚያን ጊዜ ቤንዚን የሚሸጠው በመድኀኒት ቤት ነበርና አተላውን ደፍቶ አዲስ መግዛት ለሁሉ ሰው የሚቻል አልነበረም። ሞተር ጠቢባን የሚጫወቱበት ዕቃ ከመሆን አልፎ የመንገድ አገልጋይ እንዲሆን፣ ይህን ችግር የሚፈታ ሰው መገኘት ነበረበት።

ችግሩ የተፈታው ማይባኽ ከተገፋ በኋላ ነው። በ1890 ዳይምለር ከባለ ገንዘቦች ጋር ሆኖ የዳይምለር ሞተር ማኅበር የተባለውን ሲያቋቁም፣ ባለ ገንዘቦቹ ለማይባኽ የሰጡት ውል ሊቀበሉት የማይቻል ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የማኅበሩን ዕቃ ሁሉ የነደፈ ሰው በየካቲት 1891 ማኅበሩን ለቆ ወጣ። መጀመሪያ በገዛ ቤቱ ሠራ፤ ኋላም በ1892 በካንሽታት ሥራ ያቆመ የሄርማን ሆቴል የተባለ ቤት ነበርና፣ እንግዳ ይጨፍርበት የነበረውን አዳራሽ ዎርክሾፕ አደረገው። ገንዘቡን ያወጣ የነበረው ከገዛ ማኅበሩ ባለ ገንዘቦች ጋር የተጣላው ዳይምለር ራሱ ነው።

በዚህ ሆቴል ውስጥ ፌኒክስ የተባለው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ተሠራ፤ ከእርሱም ጋር በ1893 የሚረጨው ካርቡራቶር ወጣ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ ትንሽ ጽዋ ውስጥ ቤንዚን አለ፤ በላዩ ተንሳፋፊ ይቀመጣል። ቤንዚኑ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርድና በሩን ይከፍታል፤ ሲሞላ ይወጣና ይዘጋል። ስለዚህ ታንኩ ቢሞላም ቢጎድልም በጽዋው ውስጥ ያለው ቁመት አንድ ነው። ከጽዋው ሥር ቀጭን መንገድ ወጥቶ አፉን የአየሩ መተላለፊያ ውስጥ ያደርጋል፤ የቤንዚኑም ቁመት ከዚያ አፍ ጥቂት ዝቅ ስለሚል ሞተሩ ሲቆም አይፈስም። ፒስቶን ወደ ታች ሲወርድ አየር በጠባቡ አንገት ይሮጣል፤ በሚሮጥበት ቦታ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በጽዋው ላይ ያለው የውጭ አየር ደግሞ ቤንዚኑን ይጫንና በቀዳዳዋ ያስወጣዋል። የወጣውም ተበትኖ እንደ ጤዛ ሆኖ ከአየሩ ጋር ይገባል። አሁን ቀላሉና ከባዱ ቤንዚን አብሮ ይሄዳል፤ አተላ አይቀርም። ሞተሩ ብዙ ሲስብ ብዙ ይመጣለታል፤ ጥቂት ሲስብ ጥቂት ይመጣለታል። ልኩን የምትወስነው ያች ቀዳዳ ናት፤ እኛ በሽቦ የጎረጎርናት!

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሐሳብ ማይባኽ ብቻውን አልነበረም። በሀንጋሪ አገር ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ መሐንዲሶች በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ ከማይባኽ ወራት ቀድመው፣ ተመሳሳይ መሣሪያ አስመዝግበዋል። እነርሱን ሳንጠቅስ ብናልፍ፣ ማይባኽ ላይ ተሠርቷል የምንለውን በደል እኛው መድገማችን ነው። ነገር ግን ከሆቴሉ አዳራሽ የወጣው ካርቡራቶር ፌኒክስ ሞተርን ይዞ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ተሰራጨ።

የኛም ሞተር ሳይክል የዚሁ ዘር ናት። እንግሊዞች ከ1927 ወዲህ አማል በተባለው ካርቡራቶር ብዙውን ሞተር ሳይክላቸውን ሲያስታጥቁ፣ ተንሸራታች መዝጊያና ሾጣጣ መርፌ ጨመሩበት እንጂ ጽዋው፣ ተንሳፋፊውና ቀዳዳዋ ያው ናቸው። ጋሼ እንዳሳዩን፣ ካርቡራቶር የሚስተካከለው በዘፈቀደ ካቻቢቴ በማዞር አይደለም። አስቀድሞ የጽዋው ቁመት ይታያል፤ ካርቡራቶሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አየር የሚሰርቅ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል፤ ያ ሳይስተካከል ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሙሉ ነዳጅ የሚሠራው በዋናዋ መርጫ ይለካል፤ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ዝግታ በትንሿ ቪቴ ይስተካከላል፤ በመካከል ያለው ደግሞ መርፌዋን አንድ እርከን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ይያዛል። ዳኛው ካንዴላው ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፣ እንደ ኖራ ከነጣ አንሷል፣ የቡና ወተት መልክ ከያዘ ደኅና ነው። ማነሱ ከመብዛቱ የከፋ ነው፤ ፒስቶን ያቀልጣልና።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ተማርን። ቀዳዳዋን ባናሰፋት እንኳ ሞተሯ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ መጨሷ አይቀርም ነበር። መርጫዋ የተለካችው ለቆላ አየር ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሯም ስስ ስለ ሆነ ለዚያው ለአንድ ሊትር ቤንዚን 9,000 ሳይሆን ከ11,000 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለደጋ ከፋብሪካው ቍጥር ያነሰች መርጫ ትገባለች። ጋሼ ይህን ያወቁት በፊዚክስ ሳይሆን በካንዴላ ጥላሸት ነው። እኛ ፊዚክሱን በክፍል ተምረን ፈተናውንም አልፈን ነበር፤ ከካርቡራቶሩ ጋር ማገናኘት ግን አልመጣልንም።

ወደ ማይባኽ እንመለስ። ማኅበሩ ያለ ሁለቱ ሰዎች እየከሰረ ሄደ። በ1895 ፍሬድሪክ ሲምስ የተባለ ነጋዴ በእንግሊዝ አገር ሞተሩን ለመሥራት ፈቃድ 350,000 ማርክ እከፍላለሁ፣ ነገር ግን ዳይምለር ከተመለሰ ነው አለ። ዳይምለር ሲመለስ ማይባኽም የቴክኒክ ዲሬክተር ሆኖ ተመለሰ። ዳይምለር በመጋቢት 1900 ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማይባኽ በኤሚል የሊኔክ ጥያቄ ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መኪና ሠርቶ አስረከበ፤ በየሊኔክ ሴት ልጅ ስምም መርሴዲስ ተባለች። በመጋቢት 1901 በኒስ ከተማ በተደረገው ውድድር ሌላውን ሁሉ ኋላ አስቀረችው። ፈረንሳዮች ማይባኽን የነዳፊዎች ንጉሥ ብለው ጠሩት። ይህች መኪና ሁለት ካርቡራቶር ነበራት፤ እያንዳንዱ ሁለት ሲሊንደር ይመግባል። ባለ ሁለት ካርቡራቶር ሞተር ሳይክል ያላቸው ጓደኞቻችን የዚህን ጣጣ ያውቁታል፤ ሁለቱ መዝጊያዎች በአንድ ቅጽበት እኩል ካልተነሡ አንደኛው ሲሊንደር ሌላውን ተሸክሞ ይሄዳል።

በመኪናው ላይ የዳይምለር ማኅበር ስም አለ፤ የየሊኔክ ልጅ ስም አለ፤ የነደፈው ሰው ስም ግን የለም። በዚህ ነገር እኛ ሦስታችን ተከራክረን አልተስማማንም። አንዱ ዳይምለር የሌላውን ላብ በስሙ አስመዘገበ ይላል። ሁለተኛው፣ ዳይምለር ባይኖር ያ ልጅ በማሳደጊያው ሲነድፍ ባረጀ ነበር፤ በሄርማን ሆቴል ጊዜ እንኳ ከኪሱ የከፈለ እርሱ ነው ይላል። ሦስተኛው ጥፋቱን በባለ ገንዘቦቹ ላይ ያደርጋል። ይህን የሚጽፈው እጅ ወደ ሦስተኛው ያዘነብላል፤ ምክንያቱም ዳይምለር ከሞተ በኋላ ማይባኽን የሚከላከልለት ሰው አልተገኘም። ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር የነበረው አለመግባባት እየባሰ ሄዶ በ1907 በ61 ዓመቱ ማኅበሩን ለሁለተኛ ጊዜ ለቆ ወጣ።

በ1908 የካውንት ሴፐሊን የአየር መርከብ በኤኽተርዲንገን ተቃጥላ ስትጠፋ፣ ማይባኽ ለካውንቱ ጽፎ የተሻለ ሞተር እንደሚሠራለት አስታወቀ። በ1909 ልጁ ካርል የሚመራው የአየር መርከብ ሞተር ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ይህም ፋብሪካ በ1918 ማይባኽ ተባለ፤ በ1921ም የራሱን መኪና አወጣ። ሰውየው ስሙን በብረት ላይ ተጽፎ ያየው በሰባ ዓመቱ አካባቢ ነው። በ1916 የሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክተርነት ሰጠው።

በታኅሣሥ 29 ቀን 1929 በ83 ዓመቱ ሞተ፤ ዳይምለር በተቀበረበት በካንሽታት መካነ መቃብርም ተቀበረ። የመጀመሪያዋ የእንጨት ሞተር ሳይክል በ1903 በፋብሪካው ቃጠሎ ጠፍታለች፤ በየሙዚየሙ የሚታዩት በኋላ የተሠሩ ምስሎቿ ናቸው። ፖሊሶች የፈተሹት የአትክልት ቤት ግን እስከ ዛሬ በካንሽታት መናፈሻ ውስጥ ቆሟል፤ ጎብኚዎችም ይገቡበታል። ቤቱ የሚጠራው የጎትሊብ ዳይምለር መታሰቢያ ተብሎ ነው።